ሐቀኛው ሳጥን፤ የስቱዲዮ ድምፅ ማጉያ ታሪክ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት

«ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል» ይላል የአማርኛ ብሂል። ሙዚቃ በሚቀናበርበት ክፍል ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል ይህ ብሂል እንደ ድምፅ ማጉያው በትክክል የሚገልጸው የለም። በሳሎን የሚቀመጠው ድምፅ ማጉያ ተግባሩ ማስደሰት ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ያደልባል፣ ቀጭኑን ያብረቀርቃል፣ የተበላሸውን ይሸፋፍናል። በስቱዲዮ የሚቀመጠውና ባለሙያዎች «ሞኒተር» የሚሉት ግን የተሾመው ለምስክርነት ነው። ድምፃዊው ከቅኝት የወጣበትን ቅጽበት፣ ከበሮው ቤዝ ጊታሩን የዋጠበትን ስፍራ ሳይሸሽግ መናገር ይጠበቅበታል። ዛሬ በአንድ ኮምፒዩተርና በአንዲት ጠባብ ክፍል ሙዚቃ የሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄም ይኸው ነው፤ የትኛውን ምስክር ማመን ይገባል? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ያጠራቀመውን ገንዘብ ለዝና ከፍሎ፣ ሥራው ከክፍሉ ሲወጣ የሚከዳው ሰው ጥቂት አይደለምና። መልሱን ከዋጋ ዝርዝር ይልቅ ከታሪክ መፈለግ ይሻላል።

የዛሬው ድምፅ ማጉያ መሠረት የተጣለው በ1925 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባለሙያዎች የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ፣ በማግኔት መካከል ያለ የሽቦ ጥቅል የወረቀት ሾጣጣን እያንቀሳቀሰ ድምፅ የሚፈጥርበትን ስልት ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ። እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኞቹ ድምፅ ማጉያዎች የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። በ1940ዎቹ ደግሞ አልቴክ ላንሲንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ከአንድ ማዕከል የሚያወጣውን 604 የተሰኘ ባለ 15 ኢንች ድምፅ ማጉያ ሠራ። ይህ መሣሪያና መሰሎቹ ለብዙ ዓመታት የታላላቅ ስቱዲዮዎች ዓይነተኛ መስፈሪያ ሆነው ኖሩ። ግዙፎች፣ ብርቱዎችና ግርማ ያላቸው ነበሩ። ሆኖም ከአድማጩ ርቀው ስለሚቀመጡ ድምፃቸው ጆሮ የሚደርሰው ከክፍሉ ግድግዳና ጣሪያ ማስተጋባት ጋር ተቀላቅሎ ነው። በአንድ ስቱዲዮ ታላቅ መስሎ የተሰማ ዘፈን በሌላው ይለወጣል፤ በተራ ሰው ሬዲዮ ሲሰማማ ጭራሽ ይከሳል።

ይህን ችግር በጥሞና ከመረመሩት ተቋማት አንዱ የብሪታንያው ቢቢሲ ነበር። የቢቢሲ ባለሙያዎች ድምፅ ማጉያን ከሚመዝኑባቸው መንገዶች አንዱ ቀላልና ጥብቅ ነው። አንድ ሰው ሲናገር ድምፁ በማይክሮፎን ወደ ሌላ ክፍል ይተላለፋል፤ ሰሚዎቹም የሰውየውን የገዛ ድምፅ ከሳጥኑ ከሚወጣው ጋር እያነጻጸሩ ይፈርዳሉ። የሰው ልጅ ከማንኛውም የሙዚቃ መሣሪያ ይልቅ የሰውን ድምፅ ስለሚያውቅ በዚህ ፈተና ማታለል አይቻልም። በ1970ዎቹ ተቋሙ ለተንቀሳቃሽ የስርጭት መኪኖቹ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ኤልኤስ3/5ኤ የተባለ ሞኒተር አዘጋጀ። በአሜሪካም በዚያው ዘመን አንዲት ድምፅ አውጪ ብቻ ያለችው ኦራቶን የተባለች ኩብ ሳጥን በየስቱዲዮው ተስፋፋች። ዓላማዋ ዘፈኑ በርካሽ ሬዲዮና በቴሌቪዥን ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማሳየት ነበር። በ1982 የወጣውን የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» የቀረጸውና ያዋሃደው ብሩስ ስዊድየን ይህችን ሳጥን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አዘውትሮ ይጠቀምባት እንደነበር ተናግሯል።

በሳሎን ያልተወደደው

የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ በ1978 ኤንኤስ-10 የተባለ ድምፅ ማጉያ ለገበያ አቀረበ። ንድፉን ያወጣው አኪራ ናካሙራ ሲሆን፣ የታሰበውም ለመኖሪያ ቤት መደርደሪያ ነበር። ጥቁር ዝግ ሳጥን፣ በውስጡም 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ የወረቀት ሾጣጣ፤ ክብደቱም 6 ኪሎ ያህል ነው። ለደስታ ሙዚቃ የሚያዳምጡ ሰዎች አልወደዱትም። ወፍራም ድምፁ ሳሳ ያለ፣ መካከለኛው ጎላ ያለ፣ ቀጭኑም ጆሮ የሚወጋ ነው ተባለ። ትችቱ ሐሰት አልነበረም።

ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የሙዚቃ ኢንዱስትሪው አሠራር እየተለወጠ ነበር። ዘፈን የሚያዋህዱ የድምፅ ባለሙያዎች የአንድ ስቱዲዮ ቋሚ ሠራተኛ መሆናቸው እየቀረ፣ ዛሬ ኒው ዮርክ ነገ ለንደን የሚሠሩ ተጓዦች ሆኑ። ክፍሉ በተለወጠ ቁጥር የማይለወጥ አንድ ነገር አስፈለጋቸው። ያማሃው ቀላል በመሆኑ ከጠረጴዛቸው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ለጆሮ ስለሚቀርብም የክፍሉ ማስተጋባት ከመድረሱ በፊት የሳጥኑ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል። በ1980ዎቹ ስሙ ከዚህ ሳጥን ጋር አዘውትሮ የሚነሣው የብሩስ ስፕሪንግስቲንና የሮክሲ ሙዚክ አልበሞችን ያዋሃደው ቦብ ክሊርማውንተን ነው። ሌሎችም ተከተሉት። የሚወጋውን ቀጭን ድምፅ ለማለዘብ በቱዊተሩ ፊት ሶፍት መለጠፍ ልማድ ሆነ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም በ1986 ቦብ ሆዳስ የተባለ ባለሙያ የተለያዩ የሶፍት ዓይነቶችን በመለኪያ መሣሪያ እስከ መመርመር ደርሷል። ኩባንያው ራሱ በ1987 ቀጭን ድምፁ የተገራና ለስቱዲዮ የተሰየመ ሞዴል አወጣ።

ለመሆኑ ይህ ያላማረ ሳጥን ለምን ተመረጠ? ለብዙ ዓመታት የተሰጠው መልስ «በዚህ ላይ ካማረ በሁሉም ላይ ያምራል» የሚል ነበር። አባባሉ እውነት ቢኖረውም ምክንያቱን አይገልጽም፤ መጥፎ የሆነ ሳጥን ሁሉ ጥሩ ምስክር አይሆንምና። በ2001 ፊሊፕ ኒውዌል፣ ኪት ሆላንድና ባልደረባቸው በርካታ ሞኒተሮችን ለክተው ያቀረቡት ጥናት የተሻለ መልስ ሰጠ። ምሥጢሩ ያለው በጊዜ ላይ ነው። በርካታ ትናንሽ ሳጥኖች ከአቅማቸው በላይ ወፍራም ድምፅ እንዲሰጡ ቀዳዳ ይበጅላቸዋል። በቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር ድምፁን ያግዛል፤ ነገር ግን ከበሮው ተመትቶ ካበቃ በኋላም ለጥቂት ቅጽበት መርገብገቡን ይቀጥላል። የያማሃው ሳጥን ዝግ በመሆኑ ሾጣጣው ሲታዘዝ ይነሣል፣ ሲታዘዝ ይቆማል። የድምፁ መጠን ትንሽ ቢሆንም መነሻውና መድረሻው አይዋሽም። ባለሙያዎቹ በጆሯቸው ያወቁትን ሳይንስ ከሃያ ዓመት በኋላ አረጋገጠላቸው።

የዝናው ሌላ ገጽ

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ቁም ነገር አለ። በታላላቅ ስቱዲዮዎች ይህ ሳጥን ብቻውን መስክሮ አያውቅም። ከበስተኋላው በግድግዳ ውስጥ የተገነቡት ግዙፎቹ ድምፅ ማጉያዎች ነበሩ። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል፤ በያማሃው ሳጥን ግን ከ80 በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። የታችኛውን ጉዳይ ግዙፎቹ ይመሰክራሉ፤ መካከለኛውን፣ ማለትም የሰው ድምፅ፣ ጊታርና የከበሮ ምት የሚጋፉበትን ስፍራ፣ ትንሹ ይመሰክራል። ከዝናው ተነሥቶ ያረጀ ጥንድ በውድ ዋጋ ገዝቶ በመኝታ ቤቱ ያስቀመጠ ወጣት የታሪኩን ግማሽ ብቻ ገዝቷል። ያልሰማውን ወፍራም ድምፅ ለማካካስ በጨመረ ቁጥር ዘፈኑ በሌላ ቦታ ይጎረናል።

ያማሃ ይህን ሞዴል በ2001 ማምረት አቆመ፤ ለነጩ ሾጣጣ የሚሆነው የወረቀት ጥሬ ዕቃ ከእንግዲህ እንደማይገኝ አስታወቀ። በ2008 ደግሞ ኩባንያው በዚሁ ሳጥን ምክንያት የግራሚን የቴክኒክ ሽልማት አገኘ። ሳሎን የናቀውን ስቱዲዮ አከበረው ማለት ነው።

በዚያው በ1978 በፊንላንድ ኢሳልሚ ከተማ ሌላ መንገድ ተጀምሮ ነበር። ኢልፖ ማርቲካይነንና ቶፒ ፓርታነን ጄኔሌክ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ሞኒተራቸውም ለአገሪቱ ብሔራዊ ሬዲዮ የተሠራ ነው። የእነርሱ ሳጥን አምፕሊፋየሩን በውስጡ ይዟል፤ ለወፍራሙና ለቀጭኑ ድምፅ ለየብቻ የተመጠነ ኃይል ይሰጣል። ገዢው የማይስማማ አምፕሊፋየር መርጦ ሥራውን እንዳያበላሽ የሚጠብቀው ይህ አሠራር ዛሬ ለቤት ስቱዲዮ በሚሸጡት ሞኒተሮች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ያማሃ ራሱ በ2005 ኤችኤስ የተሰኘውን ተከታታይ ምርት ያወጣው አምፕሊፋየሩን በውስጡ አድርጎ፣ ነጩንም ሾጣጣ ጠብቆ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የቀድሞው ሳጥን ዝግ ሲሆን እነዚህ ቀዳዳ ያላቸው መሆናቸው ነው። ቀለሙ ተወርሷል፤ ያ የጊዜ ታማኝነት ግን ከቀለሙ አልነበረም።

ስቱዲዮው ወደ ቤት ሲመለስ

በ1979 ታስካም ፖርታስቱዲዮ የተባለውን ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅረጫ ሲያወጣ ስቱዲዮ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት ጀመረ፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ጉዞውን ፈጸመው። ለኢትዮጵያ ሙዚቃም ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ሸክላ ቦታውን ለካሴት ከለቀቀ በኋላ ዘፈን ለሕዝብ የሚደርሰው በአነስተኛ ማጫወቻ፣ በታክሲ ውስጥና በሱቅ ደጃፍ በተቀመጠ ሳጥን ነበር። ኋላም በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ከቤት ክፍል የሚወጡ ቅንብሮች ተለመዱ። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የመሲንቆው ልቅሶና የድምፃዊው ንዝረት የሚገናኙት በዚያው በመካከለኛው የድምፅ ስፍራ ነው፤ ክራሩም ከዚያ ብዙ አይርቅም። መካከለኛውን የሚያለዝብ፣ ላይና ታቹን የሚያስጌጥ ሳጥን ይህን ግፊያ ይደብቃል፤ አቀናባሪው ሳያውቀው መሲንቆው ግጥሙን ይሸፍናል።

ቤት ግን የራሱ ጠላት አለው፤ ክፍሉ። ርዝመቱ 3.5 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ በሰከንድ 49 ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጥ ድምፅ በፊትና በኋላ ግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ከግድግዳዎቹ አጠገብ ይጎላል፣ በክፍሉ አጋማሽ ላይ ደግሞ ይጠፋል። በአጋማሹ የተቀመጠ ሰው ቤዙ አነሰ ብሎ ይጨምራል፤ ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠውም በዛ ብሎ ይቀንሳል። የትኛውም ውድ ሳጥን ይህን ሕግ አይሽርም። በግድግዳ የሚለጠፍ የእንቁላል ካርቶንም ለወፍራሙ ድምፅ ምንም አይፈይድም፤ ጥልቀት ያላቸው ለስላሳ ዕቃዎች በማዕዘኖቹ ቢቀመጡ ይሻላል። ስለዚህ ለጠባብ ክፍል ትልቅ ሳጥን መግዛት ችግሩን አጉልቶ መግዛት ነው። መጠነኛ ሳጥን፣ ከአድማጩ ጋር እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሠርቶ፣ ቱዊተሩ ከጆሮ ትይዩ ሆኖ ሲቀመጥ የመጀመሪያውን ምስክርነት በሚገባ ይሰጣል።

ጆሮም ቢሆን ገለልተኛ ዳኛ አይደለም። ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን ማንሰን በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ከሁሉ አስቀድሞ ወፍራሙን ይስተዋል፤ ሲጮህ ደግሞ ሁሉም የተሟላ ይመስለዋል። በከፍተኛ ድምፅ የተዋሃደ ዘፈን ጠዋት በለሆሳስ ሲሰማ መልኩ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። የዱሮዎቹ ባለሙያዎች በአንድ የተወሰነ መጠን እያዳመጡ፣ አልፎ አልፎ ዝቅ እያደረጉ መሥራታቸው ከልምድ የተገኘ ጥበብ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚወደድ ሥራ ተሰምቶ በቅጽበት የሚያስደስት ሳጥን ለሳሎን ይሁን፤ ለሥራ የሚመረጠው ግን ጥሩ ዘፈንን ከመጥፎ ዘፈን አጥብቆ የሚለይ ነው። ገዢው በሚገባ የሚያውቃቸውን ሥራዎች፣ አንዳንድ በደንብ ያልተዋሃዱትንም ጨምሮ ይዞ ይሂድ፤ ሁሉንም የሚያሳምር ሳጥን ምስክርነቱ አይታመንም። ከገዛም በኋላ በአንድ ምስክር ሳይወሰን ሥራውን በጆሮ ማዳመጫ፣ በመኪና፣ በእጅ ስልክም ይስማ፤ ታላላቆቹ ስቱዲዮዎች ከግድግዳው ግዙፍ እስከ ኦራቶኗ ኩብ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ያ ነጭ ሾጣጣ ያለው ሳጥን ለክብር የበቃው ባለሙያዎች በየቀኑ አብረውት ውለው ጠባዩን ስላወቁት፣ ጉድለቱንም በሌላ ምስክር ስለሞሉት ነበር። ከሳሎን ተባርሮ ስቱዲዮ የነገሠው ሳጥን ለዛሬው የቤት አቀናባሪ የተወለትም ውርስ ይኸው ነው።