«ታዛቢ» እና «ጣልቃ ገብ»

«ታዘብኩህ» የተባለ ሰው ምን እንደተባለ ያውቃል። ያየው ሰው አይቶ አላለፈም፤ በልቡ ፈርዷል። አማርኛ ምርጫ የሚከታተለውን ሰው «ተመልካች» ሳይሆን «ታዛቢ» ሲለው ይህን ፍርድ አብሮ አሸክሞታል። «ትዝብት» ከዚሁ ከ«ታዘበ» የወጣ ነው፤ ትዝብት ላይ መውደቅ ደግሞ በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም።

«ጣልቃ» መሐል ማለት ነው። ጣልቃ ገብ በሰው ነገር መሐል ሳይጠራ የሚገባ ነው፤ የውጭ ታዛቢ ግን ተጋብዞ ይመጣል። ሁለቱ ቃላት ፊት ለፊት የተጋጠሙት ከግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ በኋላ ነው። በፖርቱጋላዊቷ አና ጎሜዝ የተመራው የአውሮፓ ኅብረት ቡድን ምርጫው ዓለም አቀፍ መስፈርት አላሟላም ሲል፣ መንግሥት ታዛቢዋን ወገንተኛ ናት ብሎ ወቀሰ። በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ ኅብረቱ በቡድኑ ነፃነትና በመገናኛ መሣሪያዎች ማስገባት ላይ ከመንግሥት ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ታዛቢ ሳይልክ ቀረ።

የታዛቢንና የጣልቃ ገብን ልዩነት «ኮሮጆ» ያሳየናል። ኮሮጆ ጥንት ከቆዳ ወይም ከጨርቅ የሚሰፋ ከረጢት ነው፤ ዛሬ የድምፅ መስጫው ሳጥን ፕላስቲክ ሆኖም ስሙን አልለቀቀም። በጥቅምት 2017 ሞልዶቫ የአውሮፓ ኅብረት አባልነት ጉዞዋን በሕገ መንግሥቷ ለማስፈር ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ፣ ባለሥልጣናቷ ከሩሲያ በኩል በመጣ ገንዘብ ድምፅ ተገዝቷል ብለዋል። እንዲህ ያለው እጁን ኮሮጆ ውስጥ የከተተ ጣልቃ ገብ ነው። ያየውን የሚጽፍ ግን ታዛቢ ነው። እርግጥ ትዝብት ገንዘብ ሲከተለው ድንበሩ ይሳሳል፤ ከ1997ቱ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን ማቋረጣቸው የመንግሥትን ቅሬታ ያባባሰው ለዚህ ነው።

ዋናው ዳኛ ግን መራጩ ራሱ ነው። በአርሲ፣ በዝዋይ ዱግዳ ወረዳዋ ኦጎልቾ፣ ምርጫ በአፋን ኦሮሞ «ፊለኖ» ነው። ሥሩ «ፊሉ» መምረጥም፣ ፀጉር ማበጠርም ነው፤ ማበጠሪያውም «ፊላ» ይባላል። አማርኛውም ከዚህ አይርቅም፤ ፀጉርም እህልም ይበጠራል፣ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰውም «አበጥሮ ያውቃል» ይባላል። ስንዴውን አበጥሮ የሚለይ የአርሲ ገበሬ እጩውንም ማበጠር አያቅተውም። የሚያስፈልገው እጩዎቹን ያለ ፍርሃት የሚሰማበት መድረክና ድምፁ እንደሰጠው የሚቆጠርበት ጣቢያ ነው። እነዚህ ካሉ የባዕድ ገንዘብ ቦታ ያጣል፤ የባዕድ ታዛቢም አያስፈራም።