ጉና፣ ፈሳሽ ሂሊየምና መዳብ የገባበት ቢስሙዝ ሴሌናይድ

ፈሳሽ ሂሊየም በባሕር ጠለል በ4.2 ኬልቪን ይፈላል። 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ግን የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ስለማይሞላ የመፍያው ነጥብ ወደ 3.9 ይወርዳል፤ ከ4,100 ሜትር በሚበልጠው የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ ወደ 3.75 ገደማ። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። መዳብ የገባበት ቢስሙዝ ሴሌናይድ ሱፐርኮንዳክተር መሆን የሚጀምረው ግን 3.8 ኬልቪን አካባቢ ነው። በዚያው ሂሊየም የተነከረ ክሪስታል ደብረ ታቦር ላይ እንደ ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል፤ ጉና ላይ ሽግግሩን ይጀምራል። (ደህና የቫኪዩም ፓምፕ ያለው ሰው፣ እርግጥ ነው፣ ተራራ መውጣት አያስፈልገውም።)

ቢስሙዝ ሴሌናይድ ቶፖሎጂካዊ ኢንሱሌተር ነው፦ ውስጡ በመርህ ደረጃ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ገጹ ያሳልፋል፤ ያን የገጽ ፍሰት ማግኔታዊ ያልሆነ ባዕድ አተም አያጠፋውም። የአምስት አምስት አተም ንብርብሮቹ እርስ በርስ የተያያዙት በላላ ኃይል ስለሆነ መዳብ በመካከላቸው ይሰርጋል። መዳብ የገባበት ይህ ቁስ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። አሠራሩ ግን ግትር ነው፤ ክሪስታሉ ከ560 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደጋለ በድንገት ውኃ ውስጥ ካልተነከረ፣ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ፣ ብዙውን ጊዜ ባሕርዩን አያሳይም።

ክርክሩ የተነሣው ኤሌክትሮኖቹ በምን ዓይነት ጥንድ እንደሚጣመሩ ነው። በ2011 በነጥብ ንክኪ የተደረገ ልኬት በዜሮ ቮልቴጅ የኮንዳክታንስ ጫፍ አሳየ፤ ጫፉ የልዩ ገጽ ሁኔታ ምልክት ነው በሚል ቶፖሎጂካዊ ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ ተባለ። በ2013 በስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ የተደረገው ልኬት ያን ጫፍ አላገኘም፤ ያየው የተለመደ የሱፐርኮንዳክተር የኃይል ክፍተት ብቻ ነበር። በእኔ ዳኝነት ከገጹ ጫፍ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው ከመላው ክሪስታል የመጣው ማስረጃ ነው። በ2016 የኒውክሌር ማግኔታዊ ሬዞናንስ፣ በ2017 ደግሞ የሙቀት አቅም ልኬት እንዳሳዩት፣ ማግኔታዊ መስኩ በንብርብሩ ጠለል ላይ ሲዞር የሚለካው ነገር የሚደገመው በየ180 ዲግሪው ነው፤ ክሪስታሉ ግን ባለ ሦስት ጎን ሲሜትሪ አለው። ይህ ከተራ ጥምረት አይጠበቅም፤ ኦድ ፓሪቲ ካለው (አቅጣጫ ሲገለበጥ ምልክቱን ከሚቀይር) ጥንድ ጋር ግን ይስማማል።

በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ሱፐርኮንዳክተር ሲጻፍ የቆየው በአመዛኙ ቲዎሪ ነው፤ የግሪን ፈንክሽን ዘዴ፣ የሽግግር ሙቀት ስሌት። ለደብረ ታቦር ተመራማሪዎችም የሚቀለው ይኸው መንገድ ነው፤ ነገር ግን የሽግግር ሙቀት ብቻ ማስላት የጥንዱን ሲሜትሪ ስለማይለይ፣ ስሌቱ የሙቀት አቅሙ ከመስኩ አቅጣጫ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ሊመረምር ይገባል።