መብረድና መሄድ

ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ወሬው ከፈተና ወደ ፍቅር ሲዞር አንድ ጥያቄ አይጠፋም። ወንዱ ስንት ወር ደጅ ጠንቶ፣ ለምኖ አስለምኖ የቀረባትን ልጅ፣ አብረው ባደሩ ማግሥት ለምን ፊቱን ያዞርባታል? መልሱም ወዲያው ይመጣል፤ «ተፈጥሮ ነዋ! ያገኙት ነገር ይሰለቻል።» መጽሐፍ የሚያነበው ደግሞ አምኖንንና ትዕማርን ይጠቅሳል። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የአምኖን ፍቅር ወዲያው ወደ ባሰ ጥላቻ ይለወጣልና። ይህ ግን ምስክር አይሆነንም። አምኖን ደፈራት እንጂ አላፈቀራትም።

ስሜት መብረዱን አንክድም። ከመጀመሪያው ልጅቷን ሳይሆን ማሸነፉን የፈለገ አለ፤ መቀራረቡ ራሱ የሚያስፈራውም አለ። ይሁንና መብረድ አንድ ነገር ነው፤ ጥሎ መሄድ ሌላ። መብረዱን ለሥነ ልቡና ሰዎች እንተውና ስለ መሄዱ ታሪክን እንጠይቅ፤ መንገዱን የጠረገለት ሕግ ነውና።

ወደ ፈረንሳይ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1556 ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ባወጣው አዋጅ ያላገባች ሴት ስታረግዝ ለሹም ማስታወቅ ነበረባት። አዋጁ ለሷ አዝኖ የወጣ አይደለም፤ እርግዝናዋን ደብቃ ሕፃኑ ቢሞትባት በሞት ያስቀጣ ነበር። ነገር ግን ስታስታውቅ የአባቱን ስም ትናገራለች፤ ሰውየውም የወሊዱን ወጪ እንዲከፍል ይደረግ ነበር። የበረደው ሰው ቢሄድም ኪሱ አይሄድም ማለት ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። «ነፃነት፣ እኩልነት» ያለው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1804 በወጣው የናፖሊዮን ሕግ አንቀጽ 340 ልጅ አባቱን በፍርድ ቤት እንዳይፈልግ ከለከለ፤ ከጠለፋ በቀር። ወንዱ ከስም ማጥፋት ዳነ ተባለ። ሴቲቱስ? እ.ኤ.አ. በ1811 የወጣ ድንጋጌ የተጣሉ ሕፃናትን በሚቀበሉ ሆስፒሶች ግድግዳ ላይ የሚሽከረከር ሣጥን እንዲሠራ አዘዘ። እናትየው ሕፃኑን ከውጭ አስቀምጣ ደወል ትደውላለች፤ ሣጥኑ ይዞራል፤ ማን እንዳመጣው አይታይም። የወንዱ ልብ በ1803ም በ1805ም ያው ልብ ነበር እንበል። የተለወጠው የመሄጃው ዋጋ ነው።

ፈረንሳዮች ይህን ለማላላት መቶ ዓመት ፈጀባቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1912 የወጣው ሕግ አገባሻለሁ ብሎ ያታለለውንና በጽሑፍ ያመነውን ሰው ፍርድ ቤት እንዲያቀርቡት ፈቀደ።

ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በዚያ ሕግ ከጋብቻና እንደ ባልና ሚስት አብሮ ከመኖር ውጭ የተወለደ ልጅ፣ ሰውየው ወዶ «ልጄ ነው» ካላለ፣ ፍርድ ቤት አባትነትን ሊወስን የሚችለው እናቲቱ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ እንደሆነ ብቻ ነበር። ፈረንሳይ ከ48 ዓመት በፊት የተወችውን እኛ አዲስ ብለን ተቀበልን! ወዳና አምና አብራው ያደረችው፣ «እንጋባለን» የተባለችው ልጅ ምንም አልነበራትም። እንግዲህ የዚያን ዘመን ወንድ «ሰለቸኝ» ብሎ ሲሄድ ተፈጥሮው ብቻ ነው የመራው? እኛ አንልም። መሄድ እንደሚቻል ሳይነግሩት ያውቅ ነበር።

ለውጡ የመጣው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 143 ምክንያቶቹን አበዛ፤ በማታለል ወይም በጋብቻ ተስፋ የተፈጸመ ግንኙነት፣ የማያቋርጥ ግንኙነት፣ ልጁን መርዳት፣ ሌላው ቀርቶ ደብዳቤ ሳይቀር ማስረጃ ሆነ። ያቺ ቀን ከሌት የተጻፈች የፍቅር ደብዳቤ፣ ከበረደች በኋላም ዳኛ ፊት ልትነበብ ትችላለች።