ስለ ልዩ ልዩ ገቢ ማስታወቅ

የገቢ ማስታወቂያ ቅጽ የሚሞላ ሰው ደመወዙንና የቤት ኪራዩን ጽፎ ልዩ ልዩ ገቢ ከሚለው መሥመር ሲደርስ ብዕሩ ጥቂት ይዘገያል። የዚህን መሥመር አመጣጥ ለማወቅ የእንግሊዝን አገር ታሪክ መመልከት ያሻል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ከፈረንሳይ ጋር ለሚደረገው ጦርነት ገንዘብ ቢቸግራቸው በ1799 በገቢ ላይ ግብር ጣሉ። በዓመት ከ200 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ሰው ከአሥር አንድ እጅ እንዲከፍል ታዘዘ፤ የገቢውንም ድምር ራሱ ያስታውቅ ነበር። 10 ሚሊዮን ፓውንድ ይገኛል ተብሎ ቢገመትም የተሰበሰበው 6 ሚሊዮን ያህል ብቻ ሆነ። ሕዝቡን ያስቆጣው መክፈሉ ብቻ ሳይሆን፥ የሀብቱ ልክ በሹም ዘንድ መታወቁም ነበር።

በ1803 ሄንሪ አዲንግተን መላ አገኙ። ገቢውን በአምስት ሠንጠረዥ ከፈሉት፤ ይኸውም የመሬትና የቤት ኪራይ፥ እርሻ፥ ከመንግሥት ብድር የሚገኝ ወለድ፥ ንግድና ሙያ፥ የሹመት ደመወዝ ነው። ግብሩም በተቻለ መጠን ከምንጩ ይቀነስ ጀመር፤ ተከራይ ከኪራዩ ቀንሶ ይከፍላል፥ መንግሥትም ከደመወዙ ያስቀራል። ስለዚህ የአንድን ሰው ጠቅላላ ሀብት በአንድ ወረቀት ማስታወቅ ቀረ። ምጣኔው በግማሽ ቢቀነስም የተሰበሰበው ገንዘብ በዚያው ልክ አልወረደም።

ይሁን እንጂ ከየትኛውም የማይመደብ ገቢ አለ። ሕጉ ይህን ትርፍራፊ ከነጋዴውና ከባለሙያው ጋር በአራተኛው ሠንጠረዥ ጠቀለለው። ቀንሶ የሚያስቀርለት ሌላ ሰው ስለሌለ፥ ምስክሩ የባለቤቱ ብዕር ብቻ ሆነ።

ናፖሊዮን ድል በሆነ በዓመቱ፥ በ1816፥ ምክር ቤቱ በ238 ድምፅ ለ201 ግብሩን ሻረ፤ መዝገቡም ሁሉ እንዲጠፋ ተወሰነ። ግልባጩ ግን አስቀድሞ ወደ ግምጃ ቤቱ ፍርድ ቤት ተልኮ ኖሮ ተረፈ። ያን ያህል የተፈራውን ምስጢር ዛሬ የታሪክ ተማሪ ተቀምጦ ያነበዋል! ሮበርት ፒል በ1842 ግብሩን ሲመልሱ ሠንጠረዦቹም አብረው ተመለሱ። በ2005 የወጣው ሕግ አራተኛውን ሠንጠረዥ ለገቢ ግብር ቢያስቀረውም፥ ልዩ ልዩ ገቢ የሚለው ክፍል አልጠፋም።

በአገራችንም በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ገቢን በሠንጠረዥ ይከፍላል፤ «መ» የተባለው ለሌሎች ገቢዎች ነው። የሎተሪ ዕጣና የአክሲዮን ትርፍ ሲደርስ ከፋዩ ግብሩን ቀንሶ ያስቀራል። ንብረቱን አልፎ አልፎ ለግለሰብ የሚያከራይ ሰው ግን ግብሩን የሚቀንስለት የለምና፥ ገቢውን በራሱ እጅ ይጽፋል።