የስሌቱ ባለቤት

በልጅነቴ ጎሬ ከተማ ውስጥ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። ብዕርና ወረቀት ሳይሹ፣ የጣታቸውን አንጓ ብቻ እየቆጠሩ የመጪውን ዓመት ፋሲካ ይነግሩን ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ፍጥነታቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ሁልጊዜ ከቁጥሩ አስቀድመው የድሜጥሮስን ስም ይጠሩ ነበር።

በእርግጥም የባሕረ ሐሳብ ስሌት ከነባለቤቱ የተላለፈ ሀብት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ሌሊት 23፣ ቀን ደግሞ 7 ሱባዔ ያዘ። 23 ሱባዔ 161 ዕለት ነው፤ ለ30 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 ሱባዔ 49 ዕለት ነው፤ 30 ሲቀነስለት 19 ይቀራል፤ ይህም ጥንተ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። እንግዲህ ተማሪው የሚወርሰው ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ ከማንና ከየት እንደመጣም ጭምር እንጂ። በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው ግብጻዊ ሊቅ አቡ ሻኪር የጻፈው የዘመን ቆጠራ መጽሐፍም ወደ ግእዝ ሲመለስ የደራሲው ስም መጠሪያው ሆነ፤ ሊቃውንቱ «አቡሻኽር» ይሉታል።

ውድ አንባቢ፣ የዛሬው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የሚያሰላው በጣቱ ሳይሆን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ያሉት ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የሚሰበስቡት ብርሃን እንኳ ያለ ፕሮግራም ዕውቀት አይሆንም። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ የምርምሩ ውጤት በመጽሔት ሲታተም፣ ያስገኘው ፕሮግራም በባለቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ተደብቆ ይቀር ነበር። ይህን ለማቃናት እ.ኤ.አ. በ1999 ሮበርት ነሚሮፍና ጆን ዋሊን የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን የአስትሮፊዚክስ ፕሮግራሞችን መዝገብ በኢንተርኔት አቋቋሙ። በመዝገቡ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የደራሲው ስምና የሚገኝበት ስፍራም ተጽፎለታል። የተጠቀመበት ሁሉ እንደ መጽሐፍ ይጠቅሰዋል፤ የተጠራጠረም ስሌቱን ፈልጎ ይመረምረዋል።

እኔ መቱ ውስጥ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ያዘጋጀውና የመረመረው ሰው ካልፈረሙበት አንድም ቫውቸር በእጄ አያልፍም። የመሪጌታን የጣት ስሌት ግን አልመዘገብሁትም፤ ከየትኛው መምህር እንደተማሩት እንኳ አልጠየቅኋቸውም። እርሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። የፋሲካን ቀን ዛሬ ከካላንደር አነበዋለሁ፤ በጣታቸው አንጓ የሄዱበትን መንገድ ግን የሚያሳየኝ የለም።