የትንተና በቂነት
የትንተና በቂነት ማለት በአንድ የንግድ ፕሮጀክት ላይ የሚካሄደው ጥናት፣ ተጨማሪ መረጃ ቢሰበሰብም ውሳኔውን ከማይለውጥበት ደረጃ መድረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊው ኸርበርት ሳይመን፣ የሰው ጊዜና የማሰብ ዐቅም ውስን በመሆኑ ውሳኔ ሰጪዎች ከሁሉ የላቀውን ሳይሆን አስቀድሞ የተቀመጠውን መስፈርት የሚያሟላውን አማራጭ እንደሚመርጡ አስረድተዋል። ስለዚህ የበቂነት መለኪያው የጥናት ሰነዱ ውፍረት ሳይሆን፣ የተቀመጠው መስፈርት መሟላቱ ሊሆን ይገባል። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለመትከል ያሰበ ባለሀብት፣ የውኃውንና የቡናውን አቅርቦት ካረጋገጠ በኋላ፣ የሽያጭ ዋጋ ግምቱን ዝቅ አድርጎ ሲያሰላም (ይህ የትብነት ትንተና ይባላል) ሥራው አትራፊ ሆኖ ከተገኘ፣ ግምቱን ይበልጥ ለማጥራት የሚያወጣው ገንዘብ ብክነት ነው። እንደ ግድብ ያለ፣ አንዴ ከተጀመረ የማይመለስ ግንባታ ግን ረዘም ያለ ጥናት ይጠይቃል።