ሁለት ክትባት በአንድ ዕድሜ

የኮቪድ ክትባት በኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በቅድሚያ ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎም ለአረጋውያን ነበር። እኛ ግን የአረጋውያኑን ነገር ለመረዳት 50 ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል እንላለን። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ መንደር ለመንደር ይዞሩ ነበር፤ (ከእነርሱ የሸሸም አልጠፋም፤) በሽታውም በ1968 ዓ.ም. ከአገራችን ተወገደ። ያን ጊዜ ክንዱን የሰጠ ወጣት በ2013 ዓ.ም. አረጋዊ ሆኖአል፤ ስለዚህ ክትባትን አያውቅም ሊባል ከቶ አይገባም። የተለወጠው መንገዱ ነው፤ ይኸውም ጉልበቱ ከደከመ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የእርሱ ፈንታ ሆነ። ክትባቱም ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ነበርና፣ ሕንድ በዚያው መጋቢት ወደ ውጭ መላኩን ስትገታ ለአፍሪካ የታሰበው ሁለተኛ መርፌ ዘገየ።